ኮሶን ላብራቶሪ አስገብቶ ማስመርመር የሚቻለው እንዴት ነው?

የደባርቅ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

አባቴ ኮሶ አዋቂ ነው። ሙያውን የወረሰው ከአያቱ ነው። አበባውን ከዛፉ ያወርዳል፣ ጥላ ውስጥ ያደርቃል፣ ይወቅጣል፣ ለሚመጣው ሰው እየመጠነ ይሰጣል። ከጎንደር ከተማ እየደወሉ የሚያስልኩ ሰዎች አሉት። አሁን ግን ዕድሜው ገፍቷል፤ ጉልበቱም አይታዘዝለትም። እኔ አዲስ አበባ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከወንድሞቼም ሙያውን የያዘ የለም።

ያሰብኩት ይሄ ነው። የአባቴን ኮሶ ላብራቶሪ አስገብቼ ላስመርምር፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ላግኝ፣ ከዚያ ካፕሱል ውስጥ አድርጌ በሕጋዊ መንገድ ልሽጥ። መሥራቱንማ አገር ያውቀዋል። የቀረኝ ወረቀቱ ብቻ ነው። የት ልውሰደው? ምን ያህል ያስወጣል? የሞከረ ካለ ይንገረኝ።

ጋሽ ቁርጥ

ካፕሱሉ ሲወጣ የመጀመሪያው ደንበኛ እኔ ነኝ፤ ከወዲሁ መዝግበኝ። ጥሬ ሥጋ ያልበላሁበት ሳምንት ሳምንት አይመስለኝም። ዕዳውን ደግሞ በኮሶ ነው የምከፍለው። ግን ያ ምሬት! ጠዋት የጠጣሁት እስከ ማታ ፊቴ አይፈታም።

በነገራችን ላይ የኮሶ ሻጭ ልጅ መሆንህን አትፈርበት። መይሳው ካሳንም እንዲሁ እያሉ ነበር የሚሰድቡት። መጨረሻው የት እንደደረሰ ታውቃለህ።

ፋርማኮሎጂስቷ

ወንድሜ፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው። መነሻህን ግን ትንሽ ልነካካው፤ እንዳትቀየመኝ።

ምርመራ የምታስደርገው ወረቀት ለማግኘት ብቻ ከሆነ ገንዘብህን አታባክን። ኮሶ ትል ማስወጣቱ አዲስ ዜና አይደለም። ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር መጥቶ አይቶ ጽፎበታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ፋርማሲዎች ከእኛ አገር እያስመጡ ይሸጡት ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት የመድኃኒት መድበል ውስጥም ገብቶ ነበር። በውስጡ ያሉት ዋና ዋና ንጥረ ነገሮችም ስም ወጥቶላቸዋል። ኮሶቶክሲን የሚባለውን ብትሰማ፣ ስሙ ከየት እንደመጣ አልነግርህም።

ማንም የማያውቀው የአባትህን ዱቄት ነው። በአንድ ጭብጥ ውስጥ ምን ያህል ኮሶቶክሲን አለ? የዘንድሮው ከአምናው ጋር እኩል ነው? ስንት ሲሆን ይፈውሳል፣ ስንት ሲሆን ይጎዳል? ላብራቶሪ ሊመልስልህ የሚችለው እነዚህን ነው።

ሥራው ደግሞ የሚጀምረው ከዛፉ ሥር ነው። ኮሶ ወንድና ሴት ዛፍ አለው። ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቷ አበባ ነው፤ ቀላ የምትለዋ። ገበያ ላይ ተደባልቆ ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ አበባና ቅጠል ያለበት ቅርንጫፍ ይቆረጥና ይደርቃል። ከዚያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ አራት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሐርበሪየም ይወሰዳል፤ የደረቁ ዕፅዋት ናሙና የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ባለሙያዎቹ አይተው በሳይንሳዊ ስሙ "ሐጌኒያ አቢሲኒካ ነው" ይሉና ቁጥር ይሰጡታል፤ ናሙናው እዚያው ይቀመጣል። ያ ቁጥር የሌለውን ጥናት ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ነገ ሌላ ሰው ልድገመው ቢል የትኛውን ተክል እንደመረመርክ በምን ያውቃል?

ቀጥሎ ንጥረ ነገሩን ከዱቄቱ ማውጣት አለ፣ ከዚያ ትል ላይ መሞከር፣ ከዚያ አይጥ ላይ፣ ከዚያ የመርዛማነት ምርመራ፣ በመጨረሻ ሰው። ከፈለግህ እቀጥላለሁ።

ጠርጣራው

እኔ የማይገባኝ አንድ ነገር አለ። ፕራዚኳንቴል የሚባል የትል ክኒን አለ፤ አንዴ ትውጣለህ፣ አለቀ። ኒክሎሳማይድ አለ፤ ለአዋቂ 2 ግራም፣ እሱም አንዴ። መጠናቸው ተለክቷል፣ ጉዳታቸው ተጠንቷል። ታዲያ ኮሶን ከመቃብር ማውጣት ለምን ያስፈልጋል? "የአባቶቻችን ጥበብ" ለማለት ብቻ ከሆነ ይቅርብን።

ሥጋውን አብስለው ቢበሉት ደግሞ አንዱም አያስፈልግም።

ጋሽ ቁርጥ

ሥጋውን አብስለው? አወያዮች የት አላችሁ? እዚህ መድረክ ላይ ስድብ ክልክል መስሎኝ!

የሰላሌዋ

ልጄ የደባርቁ፣ ለአባትህ ዕድሜ ይስጥልኝ። እኛ ቤት የምታጠጣው እናቴ ነበረች። ዱቄቱን ማታ በውሃ ትዘፈዝፈዋለች፤ አንዳንዴም በጠላ። ጠዋት ገና ሳይነጋ ታማስለውና ከነአተላው ታጠጣለች። ጠጪው እህል ሳይቀምስ ነው የሚጠጣ። ከዚያ ቤቱ ሰው አይገባበትም፤ ሰውየው ከጓሮ አይርቅም።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። እናቴ ለሁሉም እኩል ሰጥታ አታውቅም። ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አይታ ነው የምትመጥነው። ከሲታ ነው ወይስ ደንዳና፣ ከበሽታ የተነሳ ነው፣ ከዚህ በፊት ጠጥቶ ያውቃል ወይ፣ ሲጠጣስ እንዴት አደረገው፣ ትጠይቃለች። ለእርጉዝ ሴት ንክች አታደርግም፤ ጽንስ ያስወርዳል ትላለች። ልጆችን "እደጉና ኑ" ብላ ትመልሳለች። ሁለት ወር ሲሞላ ደግሞ ድገሙ ትል ነበር።

ካፕሱልህ ሰው አያይ። ይሄን እንዴት ልታደርገው ነው?

ፋርማኮሎጂስቷ

እትዬ፣ እጅዎን ይሳሙልኝ። እናትዎ ያደርጉት የነበረውን እኛ በጥናት ቋንቋ ስንጽፈው ሦስት ገጽ ይወጣዋል።

የሁለት ወሩን ነገር ላብራራ፤ ደስ የሚል ነው። የበሬ ሥጋ ኮሶ ትል ርዝመቱ ብዙ ሜትር ይደርሳል። ግን ሰውየው ውስጥ ተጣብቆ የሚይዘው ራሱ ከስፒል ራስ ብዙም አይበልጥም። አካሉ ሁሉ ከዚያች ራስ ሥር እየተቀጠለ የሚያድግ ነው። መድኃኒቱ አካሉን ጥሎት ራሱን ከተወው እንደገና ያድጋል። በሁለት በሦስት ወር ውስጥ ቁርጥራጮቹ ተመልሰው ይታያሉ። የአገራችን ሰው "በሁለት ወር ድገሙ" ሲል ትሉ ተመልሶ የሚያድግበትን ጊዜ አስልቶታል ማለት ነው፤ ማይክሮስኮፕ ሳይኖረው። እርግጥ ሌላም ምክንያት አለ። ጋሽ ቁርጥን የመሰሉት በሳምንቱ ተመልሰው አዲስ ትል ይውጣሉ።

ይሄ ለምርመራው ትልቅ ትርጉም አለው። "ትል ወጣለት" እና "ዳነ" የተለያዩ ናቸው። ኮሶ ተጠጥቶ ያ ሁሉ ጉድ ሲወጣ ያየ ሰው ተፈወስኩ ብሎ ይምላል። ትክክለኛ ጥናት ግን የወጣውን አጥቦ የትሉን ራስ ይፈልጋል። ከሦስት ወር በኋላም ሰውየውን ጠርቶ ሰገራውን ያያል።

ወደ ደባርቁ ልጅ ልመለስ። ትል ላይ መሞከር ያልኩህ ቀላል እንዳይመስልህ። የዚህ ትል ጎልማሳው የሚኖረው ሰው አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። አይጥ ውስጥ አይኖርም፤ ላብራቶሪ ውስጥም እንደ ልብ አይረባም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ዘመዱን ይጠቀማሉ። ሃይመኖሌፒስ ናና የሚባል ድንክ የቴፕ ትል አለ፤ አይጥ ውስጥ ይኖራል። ትሉን ከአይጡ አውጥተህ ሳህን ላይ የኮሶ ውህድ ታፈስበታለህ፤ በስንት ደቂቃ መንቀሳቀስ እንዳቆመ ትመዘግባለህ።

ብዙ ጀማሪ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ሳህን ላይማ በረኪናም ትል ይገድላል። አረቄም ይገድላል። የኮሶውን ንጥረ ነገር ያሟሟህበት አልኮል ራሱ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ጎን ለጎን ሌሎች ሳህኖች ያስፈልጉሃል። አንዱ ውስጥ ማሟሟቻው ብቻ ይገባል፣ አንዱ ውስጥ ጨው ያለበት ውሃ ብቻ፣ አንዱ ውስጥ ደግሞ መሥራቱ የታወቀ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ኒክሎሳማይድ። የኮሶው ከነዚህ ጋር ካልተወዳደረ "ገደለ" ብሎ መጻፍ ወሬ ነው። ከሳህን ያለፈውን በትሉ የተያዘ አይጥ ላይ ትሞክራለህ። ከዚያ አንጀቱን ከፍተህ ስንት ትል እንደቀረ፣ የትሉ ራስ እንዳለ ወይም እንደሌለ ትቆጥራለህ።

እኛ አገር ይሄ ሁሉ የተጀመረው ዛሬ አይደለም። ኮሶ፣ እንቆቆ፣ መተሬ የመሳሰሉት ሁሉ ተሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት የአገራችንን የኮሶ ትል መድኃኒቶች ፈዋሽነትና መርዛማነት አንድ ላይ ነበር የመረመረው። መተሬን ደግሞ የእኛው ፋርማሲስቶች እስከ እንክብል ድረስ ሠርተውበታል።

ኦፕቲክ

የዓይን ክሊኒክ ነርስ ነኝ። እስካሁን ማንም ስላላነሳው ነው የምጽፈው።

ኮሶ ከመጠን ሲያልፍ ዓይን ያጠፋል። ጉዳቱ የዓይን ነርቭ ላይ ነው። በኢትዮጵያ የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ተመዝግቦ የቆየ ነገር ነው፤ እኔ የፈጠርኩት አይደለም።

እኛ ጋ ሰው ዓይኔ ደበዘዘብኝ ብሎ ሲመጣ መነጽር ይታዘዝልኛል ብሎ ነው። "ሰሞኑን የወሰድከው መድኃኒት አለ?" ስትለው "ኧረ ምንም" ይልሃል። እውነቱን ነው፤ ዋሽቶ አይደለም። ለሱ መድኃኒት ማለት ከፋርማሲ የተገዛ ክኒን ነው። ኮሶን በዚያ መዝገብ አይቆጥረውም። እኔ አሁን በስሙ እየጠራሁ ነው የምጠይቀው። ኮሶ ጠጥተሃል? እንቆቆስ? አረቄስ? ያኔ ነው "ባለፈው ቅዳሜ ጠጥቼ ነበር" የሚለው።

የደባርቅ ልጅ

ኧረ በስመ አብ! ይሄንን በጭራሽ አልሰማሁም። አባቴ ስንት ዘመን ሲሰጥ ማንም ዓይኑ ጠፋ ሲባል አልሰማሁም። እውነት ነው እህቴ?

ፋርማኮሎጂስቷ

እውነት ነው። ኬሚስትሪውም ይደግፈዋል። ድሮ አውሮፓውያን ለዚሁ ትል የሚጠቀሙበት የፈርን ሥር ነበር። ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ከኮሶው ጋር ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ፍሎሮግሉሲኖል የሚባል ኬሚካል ውላጆች ናቸው። እሱም በተመሳሳይ መንገድ ዓይን ይጎዳ ነበር። የተሻሉ መድኃኒቶች ሲመጡ ተተወ።

አባትህ ጋ ያልታየው ለምን ይሆን ላልከው፣ መጠን የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ወይ ደግሞ የተጎዳው ሰው ተመልሶ ስላልመጣ ሊሆን ይችላል። ሰው ሲድን ወሬውን ያመጣልሃል። ሲብስበት ሌላ ቦታ ነው የሚሄድ። የአንድ አዋቂ ትዝታ ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው። በደንብ የተሠራ ጥናት የጠፉትንም ሰዎች ይከታተላል።

የመርዛማነት ምርመራ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የተለመደው አሠራር ለአይጥ በኪሎ ክብደት 2000 ሚሊግራም አንዴ ሰጥቶ 14 ቀን መከታተል ነው። አይጡ ካልሞተ "መርዛማነቱ ዝቅተኛ ነው" ይባላል። ይሄን አንድ መስመር ይዘው "በሳይንስ ተረጋግጧል፣ ጉዳት የለውም" ብለው የሚለጥፉ ነጋዴዎች አሉ። ግን አይጥ ዓይኗ ቢደበዝዝ በምን ትነግርሃለች? የዓይን ነርቭን ለይተህ በማይክሮስኮፕ ካላየህ፣ ደጋግመህ ካልሰጠህ፣ ጉዳቱ አጠገብህ ሆኖ ያመልጥሃል። የኮሶ ጠጪ ደግሞ ዕድሜ ልኩን እየደጋገመ ነው የሚጠጣው።

ጠርጣራው

እንግዲህ እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው። ዓይን ከሚያጠፋ ነገር ጋር ምን አታገለን?

ሜሪላንዷ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጠርጣራው፣ እውነት አለህ። ግን ሰው መጠጣቱን አልተወም እኮ። እዚህ አገር ፕራዚኳንቴል ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አይሸጥም። ሐኪም ቤት ሄዶ "ጥሬ ሥጋ በልቼ ትል ያዘኝ" ማለት ያፍራል የእኛ ሰው። ስለዚህ ከአገር ቤት በሻንጣ ያስመጣል። ኮሶው በፌስታል ተቋጥሮ፣ ከበርበሬና ከሽሮ መካከል። ማን እንደወቀጠው፣ መቼ እንደደረቀ፣ ወንዱ ይሁን ሴቷ የሚያውቅ የለም። ከዚያ በግምት በሻይ ማንኪያ። ጥናቱ የሚጠቅመው ለነዚህ ሰዎች ይመስለኛል። ቢያንስ "ከዚህ በላይ አትለፍ" የሚል ነገር ይኖራል።

የደባርቁ፣ ለኔ ትልክልኛለህ ብዬ ልጠይቅ ነበር የመጣሁት። የኦፕቲክን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ ተውኩት።

ጠበቃው

ከሕጉ ወገን ሁለት ነገር።

አባትህ ቤቱ ለሚመጣ ሰው ወቅጦ መስጠቱ አንድ ጉዳይ ነው። አንተ ካፕሱል ውስጥ አድርገህ፣ ስም አውጥተህ፣ "ለኮሶ ትል" ብለህ ስታሽገው ግን መድኃኒት ሆነ። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሳይመዘግበው ገበያ ላይ ማውጣት አትችልም። ለምዝገባ ደግሞ ፋርማኮሎጂስቷ የዘረዘረችው ሁሉ ይጠየቃል። "ማኅተም ያለበት ወረቀት" ያልከው አንድ ወረቀት ሳይሆን አንድ ካርቶን ነው።

ሁለተኛው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። የአባትህን አሠራር ለማንም ተመራማሪ ከመንገርህ በፊት በጽሑፍ ተስማማ። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣ ነው። የሚያስፈጽመው የብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ናሙናውን ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ መላክ ክልክል ነው፤ "ጀርመን ያለው ጓደኛዬ በነፃ ይመረምርልኛል" የሚል ቢመጣ እንዳትሸወድ።

እንዶድን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ አካባቢ ወንዝ ዳር ቆመው ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከማጠቢያው በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ነበር። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ያ ቀንድ አውጣ ነው። ምን ያህል ትልቅ ግኝት እንደሆነ አስቡት። ግን ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ የመርዛማነት ምርመራ ተሠርቶለት ተቀባይነት እንዲያገኝ ከ20 ዓመት በላይ ነው የታገሉት። እ.ኤ.አ. በ1989 እሳቸውና ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት አገኙ። ከዚያ ደግሞ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የሐይቅ ዛጎል ተባዮችን ለመግደል በሚውልበት አጠቃቀም ላይ ፓተንት አወጣ። ልብስ አጣቢዎቹ ምን አገኙ? እኔ እንጃ፣ መልሱን ለእናንተው እተዋለሁ።

የደባርቅ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት አባቴ ጋ ደውዬ ያላችሁትን አንድ በአንድ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። "ወረቀቱን የሚያነበው ማን ነው? ትሉ?" አለኝ።

የዓይኑን ነገር ስነግረው ግን ዝም አለ። ከዚያ "ዓይኑ ደከም ላለ ሰውማ ድሮም አልሰጥ" አለ። እንደዚህ ያለ ነገር እንደሚያውቅ እኔ ልጁ አላውቅም ነበር! ከዚያ ወሬው ወሬ እየጎተተ ብዙ ነገር ነገረኝ። የወንዱን አበባ ፈጽሞ አይወቅጥም። ዓመት ያለፈው አበባ "ደክሟል" ብሎ ይጥለዋል። አዲስ ሲሆን መጠኑን ይቀንሳል፣ ሲቆይ ይጨምራል። አጥልሎ የጠጣ ሰው ደግሞ ምሬቱን ብቻ ነው የጠጣው ይላል። ከነአተላው ካልሆነ አይሠራም።

ይሄ ለጥናት የሚሆን ነገር ነው ወይስ የሽማግሌ ወግ?

ፋርማኮሎጂስቷ

ወንድሜ! ዋናው ነገር እኮ መጣ። ካፕሱሉን ለጊዜው እርሳውና ይሄን ያዝ።

አባትህ የነገሩህ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሊፈተን የሚችል ጥያቄ ነው። የሴቷና የወንዱ አበባ በኮሶቶክሲን ይዘት ይለያያሉ? ከአንድ ዛፍ የተወሰደ አበባ፣ ዘንድሮ የደረቀውና ዓመት የቆየው፣ እኩል ትል ይገድላሉ? የተጠለለውና ያልተጠለለው? አንድ የማስተርስ ተማሪ በዚህ ላይ ጥሩ መመረቂያ ይሠራበታል። ላንተም ብዙ ወጪ የለውም። ለናንተ ሩቅ ያልሆነው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ክፍል አለው፤ መምህራኑን አነጋግር። አዲስ አበባ ከሆነም የፋርማሲ ትምህርት ቤቱ አለ። ዘነበወርቅ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትም በባህል መድኃኒት ላይ ይሠራል።

የአተላው ነገር በጣም ነው የገረመኝ። ዋናዎቹ ንጥረ ነገሮች ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሙም። ስለዚህ ብታጠልለው አብዛኛው ወንፊቱ ላይ ይቀራል። ያ የድሮው የእንግሊዝ መድበል ግማሽ አውንስ ያህል ዱቄት፣ ወደ 15 ግራም መሆኑ ነው፣ በፈላ ውሃ ዘፍዝፎ ሳይጠለል ይጠጣ ነበር የሚለው። ከአባትህ ጋር ቃል በቃል ተስማሙ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ናሙናዎቹን የሚመረምረው ሰው የትኛው አዲስ፣ የትኛው አሮጌ እንደሆነ ማወቅ የለበትም። አንተ በቁጥር ብቻ ምልክት አድርግበት፤ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጽፈህ ቆልፍበት። አዲሱ ይሠራል ብሎ የጠበቀ ዓይን አዲሱ ሲሠራ ነው የሚያየው። ይሄ አባትህንም እኔንም ይመለከታል።

ጠርጣራው

እሺ፣ እዚህ ላይ እጄን ሰጠሁ። ይሄኛው ጥያቄ ደህና ጥያቄ ነው። ግን ውጤቱ "የአባትህ ኮሶ ይሠራል፣ ፕራዚኳንቴል ግን ይበልጣል" ቢሆንስ? ያኔም ታትመዋለህ?

የደባርቅ ልጅ

አባቴን ጠይቄው ነበር ይሄንኑ። "የሚበልጥ ካለ ሰዉ እሱን ይጠጣ፤ እኔም ከዛፍ መውጣት አርፋለሁ" ነው ያለው። ስለዚህ አዎ።

ጋሽ ቁርጥ

ቆይ ቆይ። እኔን የረሳችሁኝ መሰለኝ። 15 ግራም ነው ያልሽው እህቴ? አንድ ካፕሱል ግማሽ ግራም ዱቄት ቢይዝ 30 ካፕሱል ነው። በባዶ ሆድ፣ በአንድ ጠዋት፣ 30 ካፕሱል! ምሬቱ ይሻለኛል።

የሰላሌዋ

አንተ ሰውዬ ደግሞ፣ ትዝ ሲልህ ዓይንህን ታየው። ዕድሜህም የተገፋ ይመስለኛል፤ በየሁለት ወሩ የሚጠጣ ጉልበት ከየት አመጣህ? ጤና ጣቢያ ሄደህ ክኒኑን ውሰድ።

ኦፕቲክ

እትዬ ያሉት ትክክል ነው። ጋሽ ቁርጥ፣ ሲያነቡ ፊደሉ ይደበዝዛል? ቀለም ይፈዝዝብዎታል? እንዲህ ካለ ኮሶ መጠጣትዎን ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩ።

ጋሽ ቁርጥ

መነጽር ካደረግሁ ቆየሁ እኮ። ዕድሜ ነው ብዬ ነበር። ለማንኛውም ሰኞ እታያለሁ። ሥጋውን ግን አልተውም፤ ከወዲሁ ልናገር።

ፋርማኮሎጂስቷ

የደባርቁ፣ ለሐርበሪየሙ ስትቆርጥ ከወንዱም ከሴቷም አንዳንድ ቅርንጫፍ ይሁን። ቅጠሉ፣ አበባው፣ ከተቻለም ትንሽ ልጣጭ አይቅር። በጋዜጣ መካከል አስተኝተህ ከላይ ክብደት ጫንበት፤ ጋዜጣው ሲረጥብ በየቀኑ ቀይረው። ቀኑን፣ የቦታውን ስምና ከፍታ፣ የአካባቢው ሰው የሚጠራበትን ስም ጻፍበት። የአባትህንም ስም በመረጃ ሰጪነት አስመዝግብ፤ ጠበቃው ያለውን ተፈራርማችሁ ማለት ነው።

የደባርቅ ልጅ

አበባው ሲደርስ እወርዳለሁ። ግን እህቴ፣ ዘንድሮ ጋዜጣ ከየት ይገኛል? የሚያነብ ሰው ያለው ካለ አስቀምጡልኝ።